በረግረግ ውስጥ የተኛ አመድ ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በኮረብታዎቹ መካከል ያሉት ሸለቆዎች ግን የውሃና የደንገል ስፍራዎች ናቸው። የጣና ባላገር ታንኳውን የሚሠራበት ያው ደንገል በናኪቩቦ፣ በሉቢጊና በሌሎቹም የካምፓላ ሸለቆዎች ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ይታያል። የናኪቩቦ ውሃ በረግረጉ ውስጥ ካለፈ በኋላ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃም የሚቀዳው ከዚያው ከሐይቁ ዳርቻ ነው።

ረግረግ ለብዙ ሰው ጥቅም የሌለው ቦታ መስሎ ይታየዋል። ትንኝ ይራባበታል፤ ከብት ይሰጥምበታል፤ ስለዚህ ቦይ ተቀድዶ ውሃው ቢፈስና ቦታው ለእርሻ ወይም ለቤት መሥሪያ ቢውል የሚሻል ይመስላል። ይሁን እንጂ በረግረጉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ስንት ዘመን እንደ ፈጀ ያወቀ ሰው፣ ቦዩን ከመቅደዱ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም። ይህን ዕድሜ ለማወቅ የሚያስችለው ጥበብ ምን እንደ ሆነ፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው አመድም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳለው ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ረግረግ እንዴት መዝገብ ይሆናል

በደረቅ ማሳ ላይ የወደቀ ቅጠልና ሥር በጥቂት ጊዜ ውስጥ በስብሶ ይጠፋል። ይህን የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም ሥራቸውን በደንብ ለመሥራት አየር ያስፈልጋቸዋል። ውሃ በተኛበት ስፍራ ግን አየር ወደ ታች ስለማይደርስ፣ የሞተው ደንገልና ሣር ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ይህ ክምችት በሊቃውንት ዘንድ ፒት ይባላል። መልኩ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት ውሃ ይተፋል፤ ሲደርቅም እንደ ማገዶ ይነድዳል።

ክምችቱ የሚያድገው በጣም በዝግታ ነው። በብዙ ስፍራ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ ይጨምራል። እንግዲህ 1 ሜትር ፒት ማለት 1,000 ዓመት ገደማ የፈጀ ሥራ ማለት ነው። በላይኛው ንጣፍ ያለው የቅርብ ዘመን፣ በታችኛው ያለው የጥንት ዘመን ነው። በየንጣፉም ነፋስ ያመጣው የዕፀዋት የአበባ ብናኝ፣ ከተቃጠለ ጫካ የመጣ የከሰል ፍንካች፣ ከተራቈተ ኮረብታ የታጠበ አፈር፣ ከሩቅ ተራራ የተነሣ የእሳተ ገሞራ አመድ ተኝቶ ይገኛል።

የካርቦን 14 ሥራ

የፒትን ዕድሜ ለመለካት ዓይነተኛው ዘዴ ራዲዮካርቦን ነው። ይህን ዘዴ ያስገኘው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሊቅ ዊላርድ ሊቢ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ልኬቶች በ1949 ከባልደረቦቹ ጋር አሳትሞ፣ በ1960 ስለዚሁ ሥራው የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀብሏል።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሲመታ ካርቦን 14 የተባለ ልዩ የካርቦን ዓይነት ይፈጠራል። ይህ ካርቦን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ትሪሊዮን የካርቦን አቶሞች መካከል የሚገኘው አንድ ገደማ ብቻ ነው። ዕፀዋት አየር ሲስቡ ይህንንም አብረው ይስባሉ፤ ከብትና ሰውም ዕፀዋትን በመመገብ ይቀበሉታል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እስኪሞት ድረስ በሰውነቱ ያለው የካርቦን 14 መጠን ከአየሩ ጋር የተመዛዘነ ነው። ከሞተበት ቀን ጀምሮ ግን አዲስ አይገባለትም፤ የነበረውም በታወቀ ፍጥነት እየጠፋ ይሄዳል።

ፍጥነቱ ይህ ነው፦ በ5,730 ዓመት ውስጥ ከነበረው እኩሌታው ይጠፋል፤ በ11,460 ዓመት ሩቡ ብቻ ይቀራል፤ በ17,190 ዓመት ከስምንት እጅ አንዱ ይቀራል። ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚቀረው ለመለካት የማይበቃ ስለሚሆን፣ ዘዴው ከዚያ ወዲያ አያገለግልም።

በጥንቱ ጊዜ ለአንድ ልኬት ብዙ ግራም ፒት ያስፈልግ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ግን አቶሞቹን አንድ በአንድ የሚቈጥር መሣሪያ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ ዛሬ አንዲት የሣር ዘር ወይም ትንሽ የከሰል ፍንካች ትበቃለች።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን በየዘመኑ አንድ ዓይነት ስላልነበረ፣ የራዲዮካርቦን ዓመትና የቀን መቍጠሪያ ዓመት ልክ ለልክ አይገጣጠሙም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በዛፍ ግንድ ውስጥ ያሉትን ዓመታዊ ቀለበቶች እየቈጠሩና እየለኩ ማስተካከያ ሰንጠረዥ አዘጋጅተዋል። ለምሳሌ 12,400 የራዲዮካርቦን ዓመት በቀን መቍጠሪያ ሲስተካከል 14,500 ዓመት ገደማ ይሆናል። «ከዛሬ በፊት» ሲሉም ዛሬ የሚሉት 1950ን ነው።

አመድ የሚለካው በጎረቤቶቹ ነው

አሁን ወደ አመዱ እንመለስ። የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ አመድ ጋር በስም እንጂ በባሕርይ አይገናኝም። የቀለጠ ድንጋይ በፍንዳታ ተበታትኖ በአየር ላይ የቀዘቀዘ፣ ከመስተዋት ስባሪ ጋር የሚመሳሰል ብናኝ ነው። ከሕያው ፍጥረት የመጣ ካርቦን በውስጡ ስለሌለ በራዲዮካርቦን ሊለካ አይችልም። የሚለካው ከበታቹና ከበላዩ ያለው ፒት ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ረግረግ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ የአመድ ንጣፍ ተገኘ እንበል። ከንጣፉ ሥር ያለው ፒት 4,300 ዓመት፣ ከንጣፉ በላይ ያለው 4,100 ዓመት ሆኖ ቢገኝ፣ አመዱ የወደቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ማለት ነው። በላይና በታች ብዙ ልኬት በተደረገ ቍጥር መካከሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ዕድሜው አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ አመዱ በተራው ለሌሎች ምስክር ይሆናል። ፒት በየስፍራው በተለያየ ፍጥነት ይከማቻል፤ ስለዚህ በአንዱ ረግረግ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ዘመን በሌላው 5 ሜትር ላይ ሊገኝ ይችላል። የአንድ ፍንዳታ አመድ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰፊ አገር ላይ ይወርዳል። የአመዱ ኬሚካዊ ቅንብር ደግሞ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከተራራ ተራራ ይለያያል። ስለሆነም በሁለት ረግረጎች ውስጥ አንድ ዓይነት አመድ ከተገኘ፣ ያ ንጣፍ በሁለቱም ዘንድ አንድ ቀን ነው።

አመድ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኖቬምበር 23 ቀን 2025 በአፋር የሚገኘው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሰሜን ሕንድ ድረስ ሄዷል። በአካባቢው ያሉ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸው በአመድ ተሸፍኖባቸዋል። ይህ ተራራ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተጻፈ ታሪክ አልነበረም። ሰው ያልጻፈውን ግን ደለል ይጽፈዋል፤ መርማሪዎች በወሎ ከሐይቅ፣ በትግራይ ደግሞ ከአሸንጌ ሐይቅ ወለል ባወጡት ደለል ውስጥ ባለፉት 17,000 ዓመታት ከአፋር በኩል የመጡ የብዙ ፍንዳታዎችን አመድ አግኝተዋል።

በኡጋንዳ የተገኘው

በኡጋንዳ ምዕራብ፣ በፎርት ፖርታል አካባቢ፣ ብዙ የእሳተ ገሞራ ጕድጓዶች ይገኛሉ። ከእነርሱም የተረጨው ኖራ የበዛበት አመድ በአካባቢው ሰፊ ቦታ ሸፍኗል። የመጨረሻው ፍንዳታ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ የታወቀው በራዲዮካርቦን ልኬት ነው። በምድር ታሪክ ይህ የትናንት ነገር ነው።

በካምፓላ አቅራቢያ ትልቁ መዝገብ የቪክቶሪያ ሐይቅ ደለል ነው። የሐይቅ ደለልም እንደ ፒት ንጣፍ በንጣፍ የሚከማች ስለሆነ በአንድ ዓይነት ዘዴ ይመረመራል። ሮበርት ኬንዳል የተባለው መርማሪ ከካምፓላ በስተ ምሥራቅ በጂንጃ አቅጣጫ ከሚገኘው ከፒልኪንግተን የባሕር ሰላጤ የወጣውን ደለል ከ20 በላይ በሆኑ የራዲዮካርቦን ልኬቶች መርምሮ ውጤቱን በ1969 አሳተመ። ጥናቱም ከ12,000 የራዲዮካርቦን ዓመት በፊት በሐይቁ ዳርቻ ሣር እንጂ ጫካ እንዳልነበረ፣ ሐይቁም ጐድሎ ወደ ዓባይ የሚፈስበት በር ተቋርጦ እንደ ነበረ አስረድቷል። በ1996 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐይቁ ከ12,400 የራዲዮካርቦን ዓመት በፊት ፈጽሞ ደርቆ እንደ ነበረ አመለከተ። ዛሬ ሚሊዮን ሕዝብ ውሃና ዓሣ የሚያገኝበት ባሕር መሰል ሐይቅ ደረቅ ሜዳ ነበረ ማለት ነው።

አመዱም በዚሁ ሐይቅ ተገኝቷል። በ2018 በታተመ ጥናት፣ ከሐይቁ መካከል በወጣ ደለል ውስጥ በዓይን የማይታይ የአመድ ብናኝ በአጕሊ መነጽር ተለይቶ፣ በቅንብሩም ምክንያት በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ካሉ እሳተ ገሞራዎች የመጣ መሆኑ ታውቋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ነጭ ንጣፍ በዓይን ባይታይም አመድ የለም ማለት እንዳልሆነ ነው።

በተራሮቹ ላይም ሥራው ቀደም ብሎ ተጀምሯል። አሜሪካዊው ዳንኤል ሊቪንግስተን በሩዌንዞሪ ተራራ ከማሆማ ሐይቅ ሥር ያወጣውን ጭቃ አስለክቶ፣ የተራራው በረዶ ከዚያ ስፍራ የሸሸው ቢያንስ ከ14,700 የራዲዮካርቦን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን በ1962 ገለጠ። ሰው ተሸክሞ ወደ ተራራ ሊወጣበት የሚችለውን ቀላል የደለል ማውጫም የሠራው እርሱ ነው።

በደቡብ ምዕራብ፣ በካባሌ አካባቢ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ሙቾያና አሃካጄዚ የተባሉት ረግረጎች ለገበሬ የቀረበ ትምህርት ሰጥተዋል። አለን ሃሚልተን፣ ዴቪድ ቴይለርና ጆን ፎግል በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሃካጄዚ ፒት ውስጥ የዛፍ ብናኝ ቀንሶ የታየበትን ንጣፍ ለክተው፣ በዚያ አገር ጫካ መመንጠር የተጀመረው ቢያንስ ከ4,800 ዓመት በፊት እንደ ሆነ አስታወቁ። ምክንያቱ ሰው ነው ወይስ የአየር መለወጥ የሚለው በሊቃውንት መካከል ብዙ አከራክሯል፤ ክርክሩን ለመፍታትም ዘመኑን አጥብቦ ከመለካት ሌላ መንገድ የለም።

ስሕተት የሚገባባቸው በሮች

ልኬቱ የሚታመነው ናሙናው ንጹሕ ሲሆን ነው። ስሕተት በሦስት በር ይገባል።

1ኛ/ የአዲስ ሥር መግባት። ደንገል ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድድ የዛሬ ካርቦን በጥንቱ ፒት ውስጥ ይቀላቀላል። በዕድሜ እጅግ በገፋ ናሙና ጉዳቱ ከባድ ነው፤ 50,000 ዓመት ባለው ፒት ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ አዲስ ካርቦን ቢገባ፣ ልኬቱ ወደ 36,000 ዓመት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሥሩ ተለቅሞ ወጥቶ፣ የታወቀ ዘር ወይም ቅጠል ተመርጦ ይለካል።

2ኛ/ የሞተ ካርቦን መግባት። በእሳተ ገሞራ አገር ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ካርቦን 14 የለውም። በውሃ ውስጥ የሚያድግ ተክል ይህን ሲስብ ገና በሕይወቱ ሳለ ያረጀ መስሎ ይታያል። ከካርቦኑ ከመቶ ዐሥር እጁ የሞተ ቢሆን፣ ዕድሜው ከ800 ዓመት በላይ ይጨመርበታል። በዚህ ምክንያት ከውሃ ውስጥ ተክል ይልቅ በየብስ የበቀለ ተክል ቅሪት ይመረጣል።

3ኛ/ የንጣፍ መናወጥ። ጎርፍ የጥንቱን አፈር ከኮረብታ አውርዶ በአዲሱ ላይ ሲደፋው፣ ወይም ሰው ቦይ ሲቈፍርና ሲያርስ፣ ላይኛው ወደ ታች፣ ታችኛው ወደ ላይ ይሆናል። የአመድ ንጣፍ ሳይቈራረጥ ከዳር እስከ ዳር መታየቱ ቦታው እንዳልተነካ ጥሩ ምልክት ነው።

ለገበሬው ምን ይጠቅማል

አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ለሊቃውንት እንጂ ለእርሻ ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥቅሙ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የአፈርን ኪሣራ መቍጠር መቻል ነው። በሁለት የታወቁ ዘመናት መካከል ምን ያህል አፈር ከኮረብታው ታጥቦ በረግረጉ እንደ ተኛ ሲለካ፣ ጫካው ሳይመነጠርና ከተመነጠረ በኋላ የነበረው ልዩነት በሳንቲ ሜትር ይታወቃል። እርከን መሥራት ይገባል ሲባል ምክር ብቻ ሳይሆን የተለካ ማስረጃ ይቀርባል።

ሁለተኛው የድርቅን ታሪክ ማወቅ ነው። የዝናብ መለኪያ በአገራችንም በኡጋንዳም ከተተከለ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ቪክቶሪያን የሚያህል ሐይቅ የደረቀበት ዘመን እንደ ነበረ የነገረን ግን ደለሉ ነው። የመስኖና የግድብ ሥራ የሚያቅድ ሰው ይህን ሳያውቅ የቅርቡን ጥቂት ዓመታት ብቻ ቢያምን ሊሳሳት ይችላል።

ሦስተኛው የፒትን ዋጋ ማወቅ ነው። ረግረግ ተቈፍሮ ውሃው ሲፈስ አየር ወደ ታች ይገባል፤ ለብዙ ሺህ ዓመት ተኝቶ የነበረው ቅሪትም መበስበስ ይጀምራል። በሞቃት አገር የደረቀ ፒት በዓመት በሳንቲ ሜትር የሚቈጠር እየሰመጠ ይሄዳል። በ1,000 ዓመት የተከማቸው አንድ ሜትር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። እሳት ከያዘው ደግሞ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገኘው መልካም ምርት አታላይ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ገበሬው የሚበላው የዓመቱን ፍሬ ብቻ ሳይሆን የመሬቱንም ዋና ገንዘብ ነው። ከፒቱም ጋር የአበባው ብናኝ፣ ከሰሉና የአመዱ ንጣፍ ተራቸው ይፋለሳል፤ አንድ ጊዜ የተፋለሰ ንጣፍም ተመልሶ አይነበብም።

የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት በ1995 ሲጸድቅ ረግረጎችን መንግሥት ለሕዝብ በዐደራ እንዲጠብቃቸው ደንግጓል። ይሁን እንጂ በካምፓላ ሸለቆዎች ከከተማው ማደግ ጋር ብዙው ረግረግ በአፈር እየተሞላ ቤትና ፋብሪካ ተሠርቶበታል፤ የናኪቩቦም ብዙ ክፍል ወደ እርሻ ተለውጧል። ረግረጉ በጠበበ መጠን ቈሻሻው ሳይጣራ ወደ ሐይቁ ይደርሳል፤ ጎርፉም በሠፈሮቹ ላይ ይተኛል።

በረግረግ አጠገብ ለሚሠሩ የሚሰጥ ምክር

በካምፓላም ሆነ በአገራችን ደጋ፣ ቦይ ወይም የውሃ ጕድጓድ የሚቈፍር ሰው በጥቁሩ ፒት ውስጥ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ቢጫ መሳይ ቀጭን ንጣፍ ቢያገኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ቢያደርግ መልካም ነው።

1/ የቦዩን ግድግዳ በአካፋ ቀጥ አድርጎ መላግና ንጣፉ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ መሆኑን ማየት፤

2/ ከሣሩ ወለል እስከ ንጣፉ ያለውን ጥልቀት፣ የንጣፉንም ውፍረት በሜትር ለክቶ መጻፍ፣ ፎቶግራፍም ማንሣት፤

3/ በጣት ሲያሹት እንደ አሸዋ የሚሻክር መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር፤ ለስላሳ ነጭ ሸክላም አመድ መስሎ ሊታይ ይችላልና፤

4/ ናሙና መውሰድ ካስፈለገ በንጹሕ ቢላዋ ከአመዱ፣ ከበላዩና ከበታቹ ለየብቻ ወስዶ በአሉሚኒየም ወረቀት መጠቅለል፤ ጥጥ፣ ጨርቅና ተራ ወረቀት ራሳቸው ከዕፀዋት የተሠሩ ስለሆኑ ናሙናውን ያበላሻሉ፤ የሲጋራ አመድም እንዲሁ መራቅ አለበት፤

5/ ስፍራውን ሳይሸፍኑ ለወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ላለ ዩኒቨርሲቲ የምድር ጥናት ክፍል ማስታወቅ፤

6/ ረግረጉን ለማጽዳት ብሎ በበጋ እሳት አለመልቀቅ፤ እሳቱ ከላይ የጠፋ ቢመስልም በፒቱ ውስጥ ለውስጥ ሲሄድ ይሰነብታልና።

ቦዩ መቈፈሩ የማይቀር ከሆነም፣ ከረግረጉ መካከል፣ ፒቱ ከሁሉ ይልቅ ከጠለቀበት ስፍራ፣ ጥቂት ቦታ ሳይነካ ከነውሃው መተው ይቻላል። ለእርሻው የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ወደ ፊት ለሚለካውና ለሚያነበው ግን በቂ ነው።